ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ልጆቹ የት ናቸው?

የክሩዝ መርከብ ማስታወቂያ ሁልጊዜ ቀን ነው። ፀሐይ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ በውኃ ሸርተቴ እየጮኸ የሚወርድ ሕፃን፣ ጥላ ሥር ጋደም ያሉ ወላጆች። ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ያሉት ቤተሰብ ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ማስታወቂያው የማያሳየውን ሰዓት ነው። እራት ተበልቶ፣ የምሽቱ ትዕይንት አልቆ፣ እናትና አባት ድካም ሲጫጫናቸው ጎረምሳው ገና መንቃቱ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ የት ይሆናል? ከማን ጋር? ምን እያደረገ? ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘበት ጉዞ ሌላ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ ይሰምራል። መልስ ያላገኘ እንደሆነ ልጁ ከመኝታ ክፍሉ ላለመውጣት ይወስናል፤ ወላጆቹም ያን ያህል ገንዘብ ከስክሰው ሳምንቱን በጭቅጭቅ ይገፉታል።

ብዙ ወላጆች ምርጫውን የሚጀምሩት ከሌላ ጫፍ ነው፤ ከዋጋው ወይም ከመርከቡ ግዝፈት። በግዝፈት ከተሄደ በ2024 የሚደርስበት ያልነበረ መርከብ አለ። የሮያል ካሪቢያን ኩባንያ ንብረት የሆነውና ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ከተማ የተሠራው አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ ሲጀምር ሃያ ፎቅ፣ ሰባት የመዋኛ ገንዳና ስድስት የውኃ ሸርተቴ ይዞ ነበር። ሙሉ በሙሉ ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኛ ይጭናል። 2,350 የሚሆኑት ሠራተኞቹ ሲጨመሩ ወደ ዐሥር ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ነው። ገበያውም አብሮ አድጓል፤ ክሊያ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የክሩዝ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እንዳስታወቀው በ2024 ብቻ 34.6 ሚሊዮን ሰው በእነዚህ መርከቦች ተጉዟል።

የዐሥር ዓመት ልጅ በስድስት ሸርተቴ ሳምንቱን ሙሉ ሊደሰት ይችላል። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ሁለት ቀን ከወጣና ከወረደ በኋላ የሚፈልገው እኩያ ነው። አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚስቅ፣ እናቱ የማታውቀው ቀልድ የሚያውቅ ሰው። ስለዚህ መርከቡ ስንት ሸርተቴ እንዳለው ከመጠየቅ በፊት በዚያ ሳምንት ስንት እኩያ እንደሚሳፈርና እነዚያን እኩዮች የሚያገናኝ ቦታ መኖሩን መጠየቅ ይቀድማል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት የሚነሣ መርከብ በታዳጊዎች የተሞላ ነው። ያው መርከብ በመስከረም አጋማሽ ዋጋው ቀንሶ ሲነሣ አብዛኛው መንገደኛ ጡረተኛ ይሆናል። ለልጅ ሲባል በተመረጠ ጉዞ ላይ ርካሹ ሳምንት ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ሳምንት የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የታዳጊዎች ክበብ አላቸው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚገባበት፣ ጨዋታና ሙዚቃ ያለበት፣ ወላጅ የማይገባበት ክፍል ነው። ልዩነቱ የዕድሜ ድንበሩ ላይ ሲሆን ይህንን ልዩነት ሳያጣሩ የሚገዙ ወላጆች ብዙ ናቸው። ካርኒቫል ልጆቹን በሁለት ይከፍላል፤ ከ12 እስከ 14 ያሉት ሰርክል ሲ፣ ከ15 እስከ 17 ያሉት ክለብ ኦ ቱ ይገባሉ። የጣሊያንና የስዊስ ሥር ያለው ኤም ኤስ ሲም እንዲሁ ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ብሎ ይለያል። ኖርዊጅያንና ፕሪንሰስ ግን ከ13 እስከ 17 ያሉትን በአንድ ክበብ ያኖራሉ። ዲዝኒ ደግሞ ኤጅ በተባለው ክበቡ ከ11 እስከ 14፣ ቫይብ በተባለው ከ14 እስከ 17 ያሉትን ስለሚቀበል የ14 ዓመት ልጅ የሚስማማውን የመምረጥ ዕድል አለው።

ይህ ተራ የአስተዳደር ዝርዝር ሊመስል ይችላል። የ14 ዓመት እህትና የ16 ዓመት ወንድም ላሉት ቤት ግን የጉዞውን መልክ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለቱ የሚዋደዱና አብረው መዋል የሚፈልጉ ከሆነ ካርኒቫል ይለያያቸዋል፤ ኖርዊጅያን ያገናኛቸዋል። ትንሿ በታላቁ ጥላ ሥር መኖር የሰለቻት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚለያያቸው መርከብ ለእሷ ዕረፍት ነው። የትኛው እንደሚሻል ከልጆቹ በቀር የሚያውቅ የለም። አብዛኛው ቤተሰብ ውስጥ ግን ልጆቹ የሚጠየቁት ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያ ስሕተት ነው። ልጅን ማማከር የወላጅን ሥልጣን አይቀንስም፤ የሚኖርበትን ቦታ ራሱ የመረጠ ልጅ ለማኩረፍ ምክንያት ያጣል።

አንድ ሌላ ዕድሜ ልዩ ትኩረት ይሻል። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ያለ የ18 ዓመት ልጅ። ቤተሰቡ “የመጨረሻ ጉዟችን ነው” ብሎ ለእሱ ወይም ለእሷ ሲል ክሩዝ ይመርጣል። ነገር ግን የታዳጊዎቹ ክበብ በር ለ18 ዓመት ልጅ ዝግ ነው። ከአሜሪካ ወደብ በሚነሡት ታላላቅ መርከቦች አልኮል የሚሸጠው ደግሞ ከ21 ዓመት ጀምሮ ነው። በዚህ መሐል የቀረው ወጣት የሌሊቱ በር ሁሉ ተዘግቶበት ሲያበቃ በአንዳንድ መርከቦች የሚከፈትለት ካዚኖው ነው። የቁማር ጠረጴዛ ለ18 ዓመት ልጅ መመረቂያ ሊሆን አይገባም። እንዲህ ላለው ቤተሰብ አንድ የቅርብ ዘመድ ወይም የልጅነት ጓደኛ አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ከየትኛውም የመርከብ ምርጫ ይበልጣል። ካልሆነም ካዚኖ የሌለውን ዲዝኒን፣ ወይም መልክዓ ምድሩ ራሱ ሥራ የሚሰጥበትን የአላስካ መሥመር ማሰብ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን የሐበሻ ወላጅ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጎንደር ያደገ ሰው ልጅነቱን ያሳለፈው ብዙ ዓይን በነበረበት ሰፈር ነው፤ ጎረቤት ይገሥፃል፣ ባለ ሱቁ ያያል፣ የሰማ ለእናት ይነግራል። ያው ሰው ዛሬ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ልጁን ሲያሳድግ ያ ሁሉ ዓይን የለም። ስለዚህ ልጁን በመኪና አድርሶ በመኪና ይመልሰዋል፤ ጓደኛ ቤት ማደርም አይፈቅድም። ልጁም አንድ ቀን እንኳ በራሱ እግር ሳይሄድ፣ በራሱ ሰዓት ሳይመለስ 18 ዓመት ይሞላዋል። የክሩዝ መርከብ፣ ድንበሩ የታወቀ ሰፈር ሆኖ፣ ይህንን ነጻነት በትንሹ ለማለማመድ የሚመች ቦታ ነው። ልጁ ከሦስት ፎቅ በላይ ቢርቅም ከመርከቡ አይወጣም፤ የሚበላው ተከፍሎበታል፤ በየመተላለፊያው ካሜራና ሠራተኛ አለ።

ይሁንና ሰፈሩ የእንግዶች ሰፈር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 የፈረሙት የክሩዝ መርከቦች ደኅንነት ሕግ ከአሜሪካ ወደቦች ጋር የሚሠሩ መርከቦች በውስጣቸው ተፈጸመ የተባለን ከባድ ወንጀል ለኤፍ ቢ አይ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የመከላከያ አጥራቸው ከ107 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ የመኝታ ክፍሎቹ በሮችም ወደ ውጭ የሚታይበት ቀዳዳ ያላቸው እንዲሆኑ ያዝዛል። የወንጀሎቹን ቁጥር የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ በየኩባንያው ለይቶ ያወጣል፤ ማንም ሊያየው ይችላል። በዚህ መዝገብ ላይ ከፍተኛውን ቦታ የሚይዘው የወሲብ ጥቃት ነው። ከሚጓዘው ሕዝብ ብዛት አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ወላጅ ሊያውቀው፣ አውቆም ከልጁ ጋር በግልጽ ሊነጋገርበት ይገባል። በብዙ ቤታችን ይህ ወሬ የሚያሳፍር ተደርጎ ይታለፋል። ዝምታው ግን ማንንም አይጠብቅም። ለሴት ልጅ ብቻ ተነግሮ ለወንድ ልጅ የሚተው ምክርም ግማሽ ምክር ነው።

ንግግሩ መካሄድ ያለበት ከመሳፈር በፊት ነው፤ ሕጎቹም ጥቂትና የማይናወጡ መሆን አለባቸው። የሌላ ሰው መኝታ ክፍል አለመግባት፣ ማንንም ወደ ራስ ክፍል አለማስገባት። ይህ የመጀመሪያውና የማይደራደሩበት ነው፤ መተላለፊያው ላይ ያለ ካሜራ ከተዘጋ በር ኋላ አያይምና። አዋቂ የሚያቀብለውን መጠጥ አለመቀበል። የበረንዳ አጥር ላይ ለፎቶግራፍ ብሎም ቢሆን አለመቀመጥ። የመመለሻ ሰዓትን ማክበር። የሰዓቱን ጉዳይ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያግዛሉ፤ ካርኒቫል ለምሳሌ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ካልሆነ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ በመርከቡ የጋራ ቦታዎች እንዳይገኝ ሰዓት እላፊ አውጥቷል። የቤቱ ሰዓት እላፊ ከዚያ ሊቀድም ይችላል። ለ13 ዓመት ልጅ 4 ሰዓት ተኩል፣ ለ17 ዓመት ልጅ 6 ሰዓት ቢባል ልዩነቱ ራሱ ለታላቁ ክብር ነው።

በታናናሾቹ ልጆች ክበብ ወላጅ ወስዶ ያስገባል፣ ወላጅ ፈርሞ ያወጣል። በታዳጊዎቹ ክበብ ግን ልጁ እንዳሻው ገብቶ እንዳሻው ይወጣል። “ክበብ ነው ያለው” ብሎ ልቡን ጥሎ የሚተኛ ወላጅ ይህንን ልብ ሊል ይገባል። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ምሽት ዋጋ ትልቅ ነው። ጓደኝነቱ የሚመሠረተው መርከቡ በተነሣበት ሌሊት ነው፤ በሦስተኛው ቀን የሚገባ ዓይነ አፋር ልጅ ተሰብስቦ ያለቀ ቡድን ይጠብቀዋል። እናት በዚያ ምሽት “መጀመሪያ ከቤተሰብ ጋር እንሁን” ብላ ብትይዘው ሳምንቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ሊቀር ይችላል።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱም ለጎረምሳ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ በጣሊያኗ ጂልዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ መትቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ በዚያው ዕለት የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ደንብ ተሻሽሎ ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ እንዲደረግ ግዴታ ሆኗል። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ትምህርቱን በስልክ አሳይተው መንገደኛው መሰብሰቢያ ቦታው ድረስ እንዲመጣ ብቻ ያደርጋሉ። ትንሽ ልጅ አደጋ ቢመጣ ከወላጁ እጅ ወይም ከሞግዚቱ አጠገብ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ግን በዚያ ሰዓት የት እንደሚሆን አይታወቅም፤ መሰብሰቢያ ቦታውን ራሱ በእግሩ ሄዶ ሊያውቀው ይገባል።

ስለ ኢንተርኔት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ ለብቻው ይከፈላል፤ ዋጋው በቀንና በስልክ ብዛት የሚቆጠር በመሆኑ ለአምስት ሰው ሲሆን ያስደነግጣል። የብዙዎቹ ኩባንያዎች አፕ ግን መርከቡ ውስጥ ብቻ የሚሠራ የመልእክት መለዋወጫ ስላለው ቤተሰቡ ሙሉውን ሳይገዛ መጠራራት ይችላል። ስልኮቹን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሳያደርጉ መርከብ መውጣት ግን የባሕር ላይ የስልክ ኔትወርክ የሚያስከፍለውን ከባድ ሒሳብ መጋበዝ ነው።

ወደ ክፍያው እንሂድ። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ሲያዝ ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ይረክስለታል፤ ስለዚህ አራት ሰው በአንድ ክፍል ማጨቅ የሚያዋጣ ይመስላል። የካርኒቫል መደበኛ ውስጠኛ ክፍል 17 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ መታጠቢያ ቤቱም በዚያ ውስጥ ተቆጥሮ። ሁለት ወላጅና ሁለት ቁመታቸው የወላጆቻቸውን ያለፈ ልጆች፣ አንዱ ከላይ ከጣሪያ የሚወርድ አልጋ ላይ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ሻወር። አምስተኛ ሰው ካለ ደግሞ አብዛኛው ክፍል ጭራሽ አይበቃም። ለዚህ ጥሩው መፍትሔ ሁለት ርካሽ ውስጠኛ ክፍሎችን ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት መያዝ ነው፤ በመሐላቸው በር ያለው ጥንድ ክፍል ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ከአሜሪካ የሚነሡ ብዙ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ክፍል 21 ዓመት የሞላው ሰው እንዲኖር ቢጠይቁም ወላጆቹ አጠገብ ሲሆኑ ለልጆቹ የተለየ ክፍል ይፈቅዳሉ። ባሕሩን ከበረንዳ ለማየት የሚወጣው ገንዘብ ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት ላይ ቢውል ይሻላል።

በላዩ ላይ የሚጨመረው ብዙ ነው። ለሠራተኞቹ የሚሰጠው የየዕለት ጉርሻ በታላላቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ይደርሳል፤ ታዳጊ ልጅም እንደ አዋቂ ይከፍላል። ለአምስት ሰው ለሰባት ሌሊት ከ560 እስከ 700 ዶላር ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥ በብዙዎቹ ላይ አይካተትም። ሮያል ካሪቢያን በባሃማስ በገዛ ደሴቱ ኮኮኬይ ላይ ያሠራው ትልቁ የውኃ መጫወቻም ለብቻው ይከፈልበታል፤ 41 ሜትር ከፍታ ያለው የደሴቱ ሸርተቴ በማስታወቂያው ላይ የታየው ልጅ ይህንን አያውቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ ከመነሣት በፊት የተወሰነ ገንዘብ በመርከቡ ካርድ ላይ ወስኖ መስጠት፣ ሲያልቅ እንዳለቀ መተው፣ ጭቅጭቁን ከሥሩ ይቆርጠዋል።

የሚነሡበት ወደብ ከመርከቡ ጋር የተያያዘ ምርጫ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ እንውሰድ። በመኪና የሚደርሱበት ወደብ ባልቲሞር ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የለም፣ ሻንጣ የሚገድብ የለም። ነገር ግን ከባልቲሞር ወደ ውቅያኖስ የሚወጣ መርከብ ከውኃው 57 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት የወደቀው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይም ተመሳሳይ ከፍታ ነበረው፤ በዚያ አደጋ ስድስት ሠራተኞች ሲሞቱ የክሩዝ መርከቦቹም ለሳምንታት ወደ ኖርፎክ ተዛውረው ነበር። ከውኃ በላይ 72 ሜትር የሚቆመው ኦኤሲስ ኦፍ ዘ ሲዝና መሰሎቹ በቤይ ድልድይ ሥር አያልፉም። ስለዚህ ባልቲሞር የሚመጡት እንደ ቪዥን ኦፍ ዘ ሲዝ ያሉ መካከለኞቹ ናቸው፤ በ1998 ሥራ የጀመረ፣ ሁለት ሺሕ ያህል መንገደኛ የሚይዝ። ባሃማስ ለመድረስም ሁለት ቀን ያህል በባሕር ላይ ይኬዳል። ፍሎሪዳ ድረስ በርሮ ትልቁን መርከብ መያዝ ወይስ ቤት አጠገብ ተነሥቶ ትንሹን መያዝ? እኩያ ለሚፈልግ፣ ከሰው ጋር ቶሎ ለሚግባባ ልጅ ትልቁ ይሻላል። ሕዝብ የሚያስጨንቀው፣ አንድ ሁለት ጓደኛ የሚበቃው ልጅ ግን በትንሹ መርከብ ላይ ሰው ቶሎ ይለምዳል፤ ትናንት ያየውን ፊት ዛሬም ያየዋልና።

ሲያትል ላሉት ኢትዮጵያውያን ደጃቸው ላይ ሌላ ዕድል አለ። በፈረንጆቹ በጋ ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች የሚነሡት ከዚያው ከተማ ነው። ሸርተቴ የሰለቸው የ16 ዓመት ልጅ በጁኖ አጠገብ ሜንደንሆል የበረዶ ግግር ፊት ሲቆም፣ ወይም ከስካግዌይ በወርቅ ፍለጋው ዘመን በተሠራው የዋይት ፓስ ባቡር ገደሉን ሲወጣ፣ ስልኩን የሚያወጣው ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። ግሌሺየር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከሁለት ታላላቅ የክሩዝ መርከብ በላይ አያስገባም፤ ጁኖም ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት በላይ እንዳይመጣ ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች። የሜዲትራኒያን መሥመር በአንጻሩ ለታዳጊዎች የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። “ሮም” ተብሎ የተጻፈው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ሮም ለመድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በየቀኑ ማለዳ ተነሥቶ በሙቀት ቤተ መዘክር መዞር አንዳንዱን ልጅ ያስደስታል፣ ብዙውን ያደክማል። በአውሮፓ ከሚኖሩት ቤተሰቦች መካከል ልጃቸው ታሪክ የሚወድ ከሆነ ይሂዱበት፤ ካልሆነ በባሕር ላይ የሚዋልበት ቀን የበዛበትን መሥመር ቢመርጡ ይሻላል።

የጉዞ ሰነድ የቤተሰቡን ዕቅድ ከሥር ሊንደው የሚችል ነገር ነው፤ የእኛ ቤተሰቦች ደግሞ ሰነዳቸው ብዙ ጊዜ የተቀላቀለ ነው። አባት የአሜሪካ ዜጋ፣ እናት ግሪን ካርድ ያላት፣ ልጆች እዚያው የተወለዱ። ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደዚያው ወደብ በሚመለስ ጉዞ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልደት ምስክር ወረቀት ብቻ መሄድ ይችላል፤ ከ16 ጀምሮ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይጨመራል። ፓስፖርት ግን ሁልጊዜ ይሻላል፤ መርከብ ያመለጠው ወይም በደሴት ላይ የታመመ ሰው በአውሮፕላን የሚመለሰው በፓስፖርት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የሚጓዝ ሰው መርከቡ የሚያርፍበትን የእያንዳንዱን አገር ደንብ አስቀድሞ ያጣራ። የአላስካ መርከብ እንኳ ካናዳ ጎራ ይላል፤ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የያዘ መርከብ መንገደኛን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ብቻ እንዲያጓጉዝ ስለማይፈቅድ ከሲያትል የሚነሡት ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያ ላይ ያርፋሉ። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ሰው ደግሞ ለአምስት ቀን ሽርሽር ብሎ ከአገር ወጥቶ ሊመለስ እንደማይችል፣ ጥያቄውንም ሊያጣ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ያለ ጠበቃ ምክር ፈጽሞ እንዳይሳፈር። የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብም የልጁ ወላጆች በውል አዋዋይ ፊት የፈረሙትን የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

ጾም ለሚጾሙ ቤቶች የቀን ምርጫ ሌላ ስሌት አለው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸው ሳምንታት ከጾም ጋር መግጠማቸው አይቀርም፤ የታኅሣሡ ዕረፍት በጾመ ነቢያት፣ የጸደዩ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም፣ የነሐሴው በፍልሰታ ይወድቃል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። በፈረንጆቹ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲቀሩ ቤተሰቡ ያለ ሐሳብ የሚበላበት ሰፊው የክረምት ክፍተት ይህ ነው። ዋጋው የሚከብድበት ወቅት ቢሆንም መርከቡ በእኩዮች የሚሞላውም ያኔ ነው። በጾም የሚሄዱትም ቢሆኑ ዛሬ በታላላቆቹ መርከቦች ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ምግብ ያገኛሉ፤ ከመሳፈር በፊት ለኩባንያው ማሳወቅ፣ በመጀመሪያው እራት ለአስተናጋጁ ደግሞ መንገር ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፒዛና በርገር የሚበላ እኩያ መሐል ተቀምጦ የሚጾም የ15 ዓመት ልጅ ይህንን እገዛ ከወላጆቹ ሊያገኝ ይገባዋል።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አገር ቤት ሄዶ አያትን ማየት አይሻልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ይሻላል። አያት በሕይወት ያለች ከሆነችና ልጆቹ ሦስት አራት ዓመት ካላዩአት ክሩዙ ይቆይ፤ መርከቡ የሚቀጥለውም ዓመት ይኖራል። ግን በእያንዳንዱ ክረምት አገር ቤት መሄድ የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። በመሐል ባሉት ዓመታት ሁለት ሥራ የሚሠሩ ወላጆችና ሊያመልጧቸው የተቃረቡ ልጆች አንድ ሳምንት በአንድ ማዕድ እራት ሊበሉ የሚችሉበትን ቦታ መፈለጋቸው ቅንጦት አይደለም።

ከላይ የተወሰደው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተሰብ ልጆቹ 13፣ 15 እና 17 ቢሆኑና መርከብ ላይ ወጥተው የማያውቁ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ የሚሄደው የአምስት ሌሊት ጉዞ ቢሆን መልካም ነው። አጭር ነው፣ የአውሮፕላን ወጪ የለውም፣ የሌሊቱ ሕግ የሚከበር መሆኑ በትንሽ ገንዘብ ይፈተናል። ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን የሚገኙት ቀድሞ ለያዘ ነው፤ ኩባንያዎቹ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቅናሽ ስለሚያበዙ ምዝገባው ያኔ ይካሄድ። ቀሪው ክፍያ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ቀን ከ75 እስከ 90 ቀን ቀደም ብሎ ነው። እስከዚያ ድረስ ሐሳብ መለወጥ የሚያስከፍለው ትንሽ ስለሆነ ሦስቱ ልጆች የክበቡን ዕድሜ፣ የሚያርፉባቸውን ወደቦችና የመመለሻ ሰዓታቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለወላጆቻቸው ለማቅረብ በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።